ከድራፍት በርሜል የተሠራ የባሕር ዛፍ ዘይት ማውጫ፦ የደሴ ጓሮ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በርሜሉ ዛሬ ደሴ ገባ። በሚኒባስ፣ ከኮምቦልቻ። ረዳቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ በርሜሉን አየና "ይሄ የአንድ ሰው ሂሳብ ይከፍላል" አለ። ዕቃ እኮ ነው ብዬ ተከራከርኩ። "እሺ፣ ታዲያ ጭንህ ላይ አድርገዋ!" ባዶውን 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከፈልኩ። ሐረጎን ስንወጣ በየመጠምዘዣው ከወንበሩ ብረት እየተጋጨ እንደ ደወል ይጮሃል። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች "ብራዘር፣ ሙሉ ነው?" እያሉ ሲስቁብኝ ፒያሳ ደረስን።

ሙሉ አይደለም። 50 ሊትር የሚይዝ፣ አንገቱ ተጎድቶ ከአገልግሎት የወጣ የድራፍት በርሜል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሆቴል ጓሮ ተደርድሮ የምታዩት በርሜል የሆቴሉ አይደለም፤ የቢራ ፋብሪካው ንብረት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ "በርካሽ አንድ በርሜል አለ" ካላችሁ፣ ከየት እንደመጣ ገምቱ። እኔ የገዛሁት ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። እሱ የገዛበትን ወረቀት ካላየሁ አልወስድም ብዬ ግማሽ ቀን አስፈለግኩት። ተነጫነጨ፣ ግን ተገኘ።

አላማው አረቄ አይደለም። የባሕር ዛፍ ዘይት ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅለን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን የማንታጠን ማን አለ? ጦሳ ሥር ደግሞ ቅጠል ሞልቷል። ቆራጮቹ ግንዱን ይጭናሉ፣ ቅጠሉ መሬት ላይ ይቀራል። ሥራዬ የቧንቧ ሥራ ነው፤ ቱቦ መገጣጠም አያስቸግረኝም። መዳብ ቀጥቅጬ ግን አላውቅም። ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ስሳሳት የት ላይ እንደተሳሳትኩ እንዳይጠፋኝ ነው።

እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"
"በርሜል።"
"የምን በርሜል?"

ዝም አልኩ።

"የቢራ በርሜልማ እዚህ ግቢ አይገባም! ሰላት የሚሰገድበት ቤት ነው፣ አንተ ልጅ!"

በርሜሉ ዛሬ ጎረቤት አደረ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ አረቄ አውጪ ናቸው። በርሜል አይጠየፉም። ደሴ መቼስ የአይጠየፍ አዳራሽ አገር ናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

በርሜሉን ከፈትኩ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የድራፍት በርሜል አፉ ላይ ቫልቭ አለው። ከቫልቩ ሥር እስከ መቀመጫው የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ሁለቱን ይዞ የሚያስቀራቸው አንዲት የብረት ቀለበት ናት። በርሜሉ ባዶ ቢሆንም ውስጡ የታመቀ ጋዝ ሊኖር ይችላል። ግፊቱ ሳይወጣ ቀለበቷን የነቀለ ሰው ቱቦው እንደ ጥይት ይመጣበታል። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በርሜሉን አቆምኩ፣ ፊቴን አዞርኩ፣ ቫልቩ ላይ ወፍራም ጨርቅ አለበስኩ፣ ከዚያ በእንጨት ወደ ታች ተጫንኩት።

ፉጨቱ አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ። "ባዶ ነው" የተባለው በርሜል! የተረፈችው አረፋም ሸሚዜ ላይ አረፈች። ቢራ ቢራ እየሸተትኩ ለእናቴ ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳስብ እትዬ በሳቅ ፈነዱ።

ፉጨቱ ሙሉ በሙሉ ካቆመ በኋላ እንደገና ተጫንኩት። ምንም የለም። ያኔ ቀለበቷን በቀጭን ካቻቢቴ ነቅዬ ቱቦውን መዘዝኩ። ውስጡን በሙቅ ውሃና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከሥራ በኋላ ሰኞ ገበያ። ከአሮጌ የሻወር ማሞቂያ የወጣ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ላሜራ አገኘሁ። አንዱን ጥግ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፤ ቀይ ወጣ። ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፣ አትግዙ፤ እንደ መዳብ አይታዘዝም። ማግኔት ከያዘው ደግሞ የተቀባ ብረት ነው። ከፍሪጅ ሠራተኛ ጓደኛዬ ዘንድ 5 ሜትር የግማሽ ኢንች መዳብ ቱቦ ወሰድኩ። ዋጋውን አልጽፍም። መዳብ የወርቅ ታናሽ ወንድም ሆኗል።

በርሜሉን ለመቁረጥ አንገቱ ውስጥ እንጨት ወትፌ መሐሉ ላይ ሚስማር መታሁ። ከሚስማሩ ሲባጎ አስሬ 28 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሣልኩ። ግራይንደር፣ የአንድ ሚሊሜትር ዲስክ። ዲስኩ ለስቴንለስ ብቻ የሚሆን፣ ተራ ብረት ነክቶ የማያውቅ ይሁን። አለበለዚያ የብረቱ ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ይቀርና እዚያው ይዝጋል። ሩብ ክብ ሲቀረኝ መብራት ሄደ። የቀረውን በሴጌቶ ጨረስኩት። ክንዴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

የተቆረጠው ክብ አልተጣለም። በመሰርሰሪያ በሳስቼው፣ ሦስት እግር አበጅቼለት፣ ቅጠሉ የሚቀመጥበት ወንፊት ሆነ። ውሃ ከሥር፣ ቅጠል ከላይ። ቅጠሉ እንፋሎት እንጂ የፈላ ውሃ ባይነካው ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ቀኑን ሙሉ መዶሻ።

ሽፋኑ ጉልላት እንዲሆን ነው የፈለግሁት። እንፋሎቱ ወደ መሐል ተሰብስቦ ወደ ቱቦው እንዲገባ። ከላሜራው 42 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆረጥኩ። የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የእንጀራ ሰፌድ ሆድ የመሰለ ጎድጓዳ ፈለፈልኩ። መዶሻው የእንጨት ነው፤ ፊቱን እንደ እንቁላል አሾልኩት።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። መዳብ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በቀዝቃዛው ነው የሚመታው። ከዳር ጀምራችሁ እየዞራችሁ ትመታላችሁ፤ ወደ መሐል ትገባላችሁ። በመጀመሪያው ዙር እንደ ሊጥ ይታዘዛል። በሁለተኛው ያንገራግራል። በሦስተኛው መዶሻው ነጥሮ ይመለሳል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ "ዱብ" ይል የነበረው "ቃ" ይላል። ያን ድምፅ ስትሰሙ አቁሙ። መዳብ ሲመታ ይደነድናል። ከዚያ በኋላ መምታት ማለት መሰንጠቅ ማለት ነው።

እኔ አላቆምኩም። ዳሩ ላይ የጥፍር ያህል ተሰነጠቀ።

መፍትሔው እሳት ነው። በጋዝ እሳት አዙሬ አዙሬ አሞቅሁት። መጀመሪያ እንደ ቀስተ ደመና ቀለም ይቀያይራል፤ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ብቻ የሚታይ ደብዘዝ ያለ ቅላት ይመጣል። እዚያ ላይ ይበቃል። ፀሐይ ላይ ከሠራችሁ ቅላቱ አይታያችሁም፤ አሳልፋችሁ ታቀልጡታላችሁ። መዳብ የሚቀልጠው 1,085 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቀጭኑ ጠርዝ ግን ቶሎ ይደርሳል። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ መክተት። ካራ እንዲህ ቢነከር ይጠነክራል። መዳብ ግን ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ስወዛውዘው እንደ ቆዳ እጥፍ አለ። ወላሂ፣ ልጅ ሆኜ ይህን ያሳየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቧንቧ ሠራተኛ ሳይሆን ጠይብ ነበር የምሆነው።

አምስት ጊዜ አሞቅሁ፣ አምስት ዙር መታሁ። ማታ ላይ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ፣ ዳሩ ሁለት ጣት ያህል ጠፍጣፋ ከንፈር ያለው ጉልላት ወጣ። ውብ አይደለም። የመዶሻው ጠባሳ የፈንጣጣ ፊት አስመስሎታል። ስንጥቁን በሞረድ ክብ አድርጌ አጠፋሁት። እሳቱ ያጠቆረውን ደግሞ ሎሚና ጨው አነሳው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጥምዝምዙ፣ ማለት እንፋሎቱ እያለፈ የሚቀዘቅዝበት ቱቦ። ቱቦ ባዶውን ከተጠመዘዘ ይታጠፋል፣ ይጨማደዳል። ስለዚህ አሸዋ ይሞላል። የቦርከና አሸዋ ነፍቼ ላሜራ ላይ አደረቅሁት። እርጥብ አሸዋ ያለበት ቱቦ እሳት ቢነካው እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ይፈነዳል፤ እሳት ባይነካውም እዚያው ይጋገራል። እየሞላሁ፣ ቱቦውን በእንጨት ቀስ እያልኩ እየመታሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወተፍኩ።

መጠምዘዣው የቀለም ጣሳ ነው። ሰባት ዙር ወጣ። ቱቦው ጥቅል ሆኖ ሲሸጥ ለስላሳ ስለሆነ ማሞቅ አላስፈለገም። ዋናው ነገር ሁሉም ዙር ወደ ታች ማዘንበሉ ነው። አንድ ዙር እንኳ ሽቅብ ከሄደ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፤ ማውጫው ጉር ጉር እያለ እየተፋ ይሠራል።

አሸዋው አልወጣም። መታሁ፣ አራገፍኩ፣ ነፋሁ። በመጨረሻ ተሸክሜው ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው የጎማ መንፊያውን ደቀነበት። አሸዋው ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ማኪያቶ ይጠጣ የነበረ ሰው ላይ አረፈ። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከጉልላቱ አናት እስከ ጥምዝምዙ ያለው መገጣጠሚያ ዛሬ ተጠናቀቀ። አናቱን በትንሹ በሳሁት። ጠርዙን በብረት ኳስ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎትቼ አጭር አንገት አወጣሁለት። እዚያ ላይ አጭር ወፍራም ቱቦ፣ ከዚያ ጎሚቶ (እንደ ክርን የታጠፈ መገጣጠሚያ)፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ኢንች ማሳነሻ። መዳብ ከመዳብ ጋር በፍሪጅ ሠራተኞቹ ዘንግ ይበየዳል፤ ፎስፈረስ ያለበት የመዳብ ዘንግ ነው። ሁለቱን መዳብ በደንብ ካጸዳችሁ ሌላ የመበየጃ ዱቄት አያስፈልገውም። ሲሞቅ ራሱ ክፍተቱ ውስጥ ይሰርጋል። እሳቱን ዘንጉ ላይ አታሳርፉ፤ ቱቦውን አሙቁ፣ ቱቦው ዘንጉን ያቅልጠው።

የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን መበየጃ እርሳስ ግን እዚህ ነገር አጠገብ አታድርሱት። በሩቅ አሜሪካ ገጠር የቤት አረቄ የሚያወጡ ሰዎች የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣ ሲጠቀሙ ቆይተው በእርሳስ ተመርዘዋል። ራዲያተሩ በእርሳስ የተበየደ ነበራ። የእኔ ዘይት አይጠጣም። ቢሆንም።

ከዚያ ተሳሳትኩ። በርሜሉ ሥር የውሃ ማፍሰሻ ብዬ የመዳብ ቱቦ ሰካሁና በዚያው ዘንግ በየድኩት። ያዘ። ያምራል። ኮራሁ። ለማረጋገጥ በፒንሳ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ቅርፍ ብሎ ወደቀ።

ፎስፈረሱ ከብረት ጋር ሲገናኝ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ነገር ይፈጥራል። ስቴንለስም ብረት ነው። መዳብን ከስቴንለስ የሚያጣብቀው የብር ዘንግ ነው፣ ያውም ከራሱ ዱቄት ጋር። ይህን የፍሪጅ ጓደኛዬ ነገረኝ። በኋላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

እንደገና ኮምቦልቻ። በርሜሉ ዛሬም ሂሳብ ከፈለ።

የአርጎን ብየዳ ያለው ሰውዬ የተሰበረውን አየና ራሱን ነቀነቀ። "መዳብ ለምን አስፈለገህ? የስቴንለስ ኒፕል ግዛ፣ ስቴንለስን ከስቴንለስ ልበይድልህ።" እውነትም! ሦስት ቀን ሙሉ ያላሰብኩት ነገር። በርሜሉን በወረቀትና በፕላስተር ሸፋፍኖ ውስጡንም የአርጎን ጋዝ ሞላው። ከውስጥ ጋዝ ከሌለ የብየዳው ጀርባ እንደ ተቃጠለ ስኳር ጠቁሮ ይቦረቦራል፤ ከዚያ ቆሻሻ ይይዛል። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ወረፋው ነው ሦስት ሰዓት የፈጀው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

እናቴ ተሸነፈች። ማለት፣ በራሷ መንገድ። "እኔ ካላጠብኩት አይገባም" አለች። በአመድ አሸችው፣ በሙቅ ውሃ አለቀለቀችው፣ ፀሐይ አስመታችው። ከዚያ እንደ ወተት ዕቃ ወይራ አጨሰችውና አፉን ከድና ተወችው። ሃምሳ ሊትር የድራፍት በርሜል፣ ወይራ የታጠነ! ከዚህ በኋላ እርጎ ቢወጣው አይገርመኝም።

ሽፋኑን ለማሰር አስራ ሁለት ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው አዘጋጀሁ። መሐሉ ላይ ከመኪና ካላማዳሪያ የተቆረጠ የጎማ ቀለበት። ውሃ ሞልቼ ገለበጥኩት፤ ጠብ አላለም። በጣም ኮራሁ። እትዬ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ብሎን ለምንድን ነው? እናንተ ቤት ሊጥ የለም?"

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ባዶ ውሃ አፍልቼ ካጸዳሁ በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ። 12 ሊትር ውሃ፣ 7 ኪሎ ትኩስ ቅጠል። ቅጠሉን እስከ አፍ ጠቀጠቅሁት። ያ ነበር ስህተቱ።

ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ከዚያ ደሴ መሆኔ ትዝ አለኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ቢሆን 94 ይል ነበር። የእኛ ቤት ክክ የማይበስለው ለካ በእናቴ ጥፋት አይደለም።

የባሕር ዛፍ ዘይት ዋናው ክፍል ሲኒኦል ይባላል። ብቻውን ቢሆን የሚፈላው 176 ዲግሪ ላይ ነው። ታዲያ 91 ላይ እንዴት ይወጣል? ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም፤ ሁለቱም ለየብቻ ይተናሉ። የሁለቱ የትነት ግፊት ተደምሮ የአየሩን ግፊት ሲያክል አብረው ይፈላሉ። ውሃው ዘይቱን እጁን ይዞ ያወጣዋል።

በሃያኛው ደቂቃ መንጠብጠብ ጀመረ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ነጠብጣቡ ላይ ቀጭን የዘይት ሽፋን አየሁ፤ ጮኽኩ። በአርባኛው ደቂቃ ቆመ።

እሳቱ እየነደደ ነው። ቴርሞሜትሩ 92 አለ። 93። ጉልላቱ "ቋ" አለ። 95።

ውሃ ከመፍያው በላይ ሲሞቅ ግፊት አለ ማለት ነው። በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በዚያ ሙቀት ሽፋኑን ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አንድ ሰው ሽፋኑን ከውስጥ እየገፋ ነበር ማለት ነው። አስራ ሁለቱ ብሎኖቼ ደግሞ ንክች አላሉም። ችግሩ እሱ ነበር! ቢጨመርም ይይዛሉ፤ መያዝ የማይችሉበት ቀን ሲመጣ ግን አንድ ላይ ነው የሚለቁት።

እንጨቱን ከሥሩ ጎትቼ አወጣሁ። መሬቱ ላይ ውሃ ደፋሁ፤ በርሜሉ ላይ አይደለም። እናቴን "ወደ ቤት ግቢ!" አልኳት። ከአጥር ማዶ እትዬ "ራቅ በል! አትንካው!" ይላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወደ 80 ወረደ። ስከፍተው የተጠቀጠቀው ቅጠል አብጦ፣ አንዱ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ወትፎታል። ጎማው ደግሞ በዘይቱ ትነት አብጦ እንደ ማስቲካ እጄ ላይ ተጣበቀ። የባሕር ዛፍ ዘይት ጎማ ይበላል። የወጣችውም ጥቂት ዘይት የተቃጠለ ጎማ ትሸታለች። ደፋኋት።

እትዬ ሻይ አፍልተው ጠሩኝ። ሠላሳ ዓመት አረቄ ሲያወጡ የእንስራውንና የመቃውን መገናኛ የሚመርጉት በሊጥ ነው። "ሊጥ ሲጨንቀው ይናገራል" አሉ። "በጎን ተፍ ይልብሃል፣ ይተነፍሳል፣ አንተም ትሰማለህ። ብሎንህ ግን ዝም ብሎ ይችልና ይችልና በመጨረሻ ቤትህን ያፈርሰዋል።" እኔ ያን ሁሉ ቀን ስደክም የነበረው መገጣጠሚያው እንዳይለቅ ነው። ለካ መልቀቅ ያለበት መገጣጠሚያ መኖር አለበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በጭስ ታፍኗል። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አገሩን ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ለእኔ ጥሩ ቀን ነው። የእኔን ጭስ የሚለየው የለም።

ከጁምዓ መልስ ጀመርኩ። ብሎኖቹ ሣጥን ውስጥ ናቸው። የስንዴ ዱቄት ጠጠር አድርጌ አቦካሁ። እንደ አውራ ጣት ወፍራም አድርጌ በርሜሉ ከንፈር ላይ ዙሪያውን አስቀመጥኩ፤ ጉልላቱን ጫንኩበት፤ የተረፈውን በጣቴ መረግሁ። እትዬ መጥተው አንዱን ቦታ ደግመው መረጉት። "እዚህ ጋ ተኝተሃል።" ጉልላቱ የተያዘው በሊጡና በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ቅጠሉ ደግሞ እስከ ሁለት ሦስተኛ ብቻ፣ ሳይጠቀጠቅ። አንገቱ ሥር ትንሽ የሽቦ ወንፊት አደረግሁ። ጎማ የሚባል ነገር የለም።

እሳቱ ሲይዝ ሊጡ መጀመሪያ ላበ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ደረቀ። አንድ ቦታ ላይ ተፍ አለ። ጣቴን ውሃ ነክሬ አዲስ ሊጥ ለጠፍኩበት። ሊጡ የሚበስልበት ጠረን ከባሕር ዛፉ ጋር ተደባልቆ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ጉንፋን የታጠንኩ መሰለኝ።

የጥምዝምዙ ማቀዝቀዣ ከተቆረጠ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል። የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ በባልዲ፤ አስራ አንድ ባልዲ ቆጠርኩ። የታናሽ እህቴ ልጅ በባልዲ አምስት ብር ጠየቀኝ። ተገቢ ነው።

የዘይቱን መቀበያ እትዬ ናቸው ያመጡልኝ። ብርሌ! ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሰፊ ዕቃ ላይ ቢሆን ቀጭን ሽፋን ሆኖ ይቀርና ለመሰብሰብ ያስቸግራል። ብርሌ ግን ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። ውሃው ሲሞላ ዘይቱ አንገቱ ላይ ተሰብስቦ ሁለት ጣት ያህል ቆመ። ጥርት ያለ፣ ጥቂት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። በመርፌ አልባ ስሪንጅ ቀስ ብዬ መጠጥኩት፤ ውሃው ሥሩ ቀረ። ብርሌ ለጠጅ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው መጥቶ ይየው። ውሃውንም አልደፋሁትም፤ ሽታው ስላለ እናቴ ወለል ልትወለውልበት ወሰደችው።

መቀበያውን ከእሳቱ ሁለት ሜትር አራቅሁ። የዚህ ዘይት ትነት 50 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ እሳት ሊይዝ ይችላል። የአረቄ ትነት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል። 74 ሚሊ ሊትር።

እሑድ፣ ኅዳር 14

በየብልቃጡ ከፋፈልኩ፤ ጠቆር ያለ የመስታወት ጠርሙስ። ፕላስቲክ አይሆንም። እያንዳንዱ ላይ "አይጠጣም፣ ከልጆች ይራቅ" ብዬ ጻፍኩ። ለሕፃን ልጅ ከሻይ ማንኪያ ያነሰውም አደገኛ ነው፤ ያንቀጠቅጣል። ለመታጠኛ ሙቅ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ይበቃል። እናቴ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ወስዳ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከዘምዘም ውሃዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ "የቢራ በርሜል" ስትል አልሰማኋትም።

ጉልላቱ ላይ የደረቀው ሊጥ በመዶሻ እጀታ ቅርፍ ቅርፍ ብሎ ወረደ። ዶሮዎቹ ቀመሱት፣ ተዉት። ጎሚቶው ጋ አንዲት ጠብታ በየደቂቃው ታልፋለች። በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና አሙቄ እዘጋዋለሁ።

እትዬ ጥምዝምዙን ሲያገላብጡ ቆዩ። መቃቸው ለዳግም አረቄ ሲሆን በደንብ እንደማያቀዘቅዝላቸው ነገሩኝ። "እንዲህ ያለውን ስንት ትሠራልኛለህ?" አሉ። በአጥሩ ማዶ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ለእትዬ በሹክሹክታ "ሰኞ ቱቦ እጠይቃለሁ" አልኳቸው።